ደም አንሶት ለፊኛ ካንሰር ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው፦ ቁጥሯ ምን እያለች ነው?

ለሽንት ፊኛ ካንሰር ትልቁን ኦፕራሲዮን የተቀጠረ ሰው ቤት የወረቀት ክምር አይጠፋም። ሲቲ ስካን አለ፣ የፓቶሎጂ ውጤት አለ፣ የልብ ኢኮ አለ። ከሁሉም ርካሿ ሲቢሲ የምትባለው ተራ የደም ምርመራ ናት። ቤተሰቡ ዓይኑን የሚጥለው ሲቲው ላይ ነው። «ተሰራጭቷል ወይስ አልተሰራጨም?» ነው ጥያቄው፤ እውነቱን ለመናገር በነሱ ቦታ ሆኖ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ሰው የለም። ሲቢሲዋ ላይ ግን ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 10.2 ተብሎ ተጽፏል። «ትንሽ ደም ማነስ አለ፣ ካስፈለገ እዚያው ደም ይሰጠዋል» ይባልና ወረቀቷ ወደ ፋይሉ ትመለሳለች።

እንዲህ በቀላሉ መታለፍ አልነበረባትም። ባለፉት ዓመታት ከተለያዩ አገሮች የወጡ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ። ፊኛቸው በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው ሰዎች መካከል ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደም አንሷቸው የነበሩት፣ ካላነሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ ካንሰሩ በብዛት ያገረሽባቸዋል፤ በካንሰሩም ሆነ በሌላ ምክንያት ቀድመው የመሞት ዕድላቸውም ከፍ ይላል። የጥቂት ሰዎች ጉዳይም አይደለም። እንደየጥናቱ ቢለያይም ለዚህ ኦፕራሲዮን ከሚቀርቡት ውስጥ ከሦስት አንዱ እስከ ግማሽ የሚጠጉት ደም አንሷቸው ነው የሚገቡት።

ፊኛ ካንሰር ላይ ብቻም አይደለም የታየው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከልብ ቀዶ ጥገና ውጭ ያሉ ከባድ ኦፕራሲዮኖችን ያደረጉ 227,425 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ ነበር። 30 ከመቶ ያህሉ ደም አንሷቸው ነው የገቡት። ዕድሜያቸውና ሌሎች በሽታዎቻቸው በስሌት ውስጥ ከገቡ በኋላ እንኳ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ42 ከመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። «ቀላል» የሚባለው ደም ማነስ ጭምር ልዩነት አሳይቷል።

ይህን የሰማ ሰው የሚለው የታወቀ ነው። ታዲያ ደሙን ሞልቶ መግባት ነዋ! እኔ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚወሳሰበው እላለሁ፤ ምክንያቱም ደም ማነሱ ራሱ ነው ሰውየውን የሚጎዳው፣ ወይስ ቀድሞውኑ የከፋ ካንሰር እንዳለ የሚያሳብቅ ምልክት ነው የሚለው ካልተለየ፣ ቁጥሯን ማስተካከል ብቻውን ምንም ላይለውጥ ይችላል።

ደሙ የት ሄደ?

ፊኛ ካንሰር ብርቅ በሽታ አይደለም። በ2022 በዓለም ላይ 614,000 ገደማ ሰዎች አዲስ ተይዘውበታል፣ 220,000 ያህሉ ሞተውበታል። ወንዶችን ከሴቶች በሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያጠቃል። ዋናው ጥፋተኛ ሲጋራ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከሱ ጋር ይያያዛል። እኛ አገር ደግሞ በመካከለኛው አዋሽና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ዓይነት አለ፤ ለረጅም ዓመታት ሳይታከም ሲቀር እሱም ፊኛ ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

የበሽታው ዋና ምልክት ሕመም የሌለው ደም ነው። ሽንቱ ቀላ ይላል፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠራል፣ ሰውየውም «ለቀቀኝ» ብሎ ይተወዋል። ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ አንቲባዮቲክ ይደጋገምላቸዋል፣ ብዙዎቹም ከወንዶች ዘግይተው ነው የሚታወቅላቸው።

እስቲ ሒሳቡን እንስራው። አንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አይረን አለ። ሰውነታችን ከምግብ በቀን የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ነው፤ ሲቸግረው ትንሽ ይጨምራል እንጂ ተአምር አይሠራም። አንድ ሰው በቀን 10 ሚሊ ሊትር ደም በሽንቱ ቢያፈስ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ግራም አይረን ሄደ ማለት ነው። በየቀኑ ቢያንስ 3 ሚሊ ግራም ይጎድላል። የአንድ ወንድ ሙሉ ተቀማጭ አንድ ግራም ቢሆን ነው፤ በዚህ አካሄድ ዓመት አይሞላውም፣ ያልቃል። በነገራችን ላይ የሽንቱን ቅላት ዓይቶ የፈሰሰውን ደም መገመት ያሳስታል፤ በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ብቻ ቢገባ እንኳ ቀለሙ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቀይ እየሸና ሄሞግሎቢኑ ደህና ይሆናል፣ ሌላው የረጋ ደም እያወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይገረጣል።

ግን መፍሰስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ካንሰሩ የሚያስነሳው ብግነት ጉበትን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን በብዛት እንድታመርት ያደርጋታል። ሄፕሲዲን ሲበዛ አይረን ከአንጀት ወደ ደም አያልፍም፣ የተከማቸውም ከማከማቻው አይወጣም። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ቁልፉ ጠፍቷል በሉት። እንዲህ ያለ ሰው የአይረን ኪኒን ለሦስት ወር ቢውጥ ሆዱን ያደርቀዋል እንጂ ሄሞግሎቢኑ ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ሌላም አለ። ዕጢው ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦ ሲዘጋው ኩላሊት ያብጣል፣ ይዳከማል። መቅኔን «ደም ሥራ» የሚለው ኤሪትሮፖይቲን የሚመረተው ደግሞ እዚያው ኩላሊት ውስጥ ነው። ኩላሊት ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ ዘልቋል ማለትም ነው። ከዚያ በላይ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚሰጠው ኬሞ፣ በተለይ ሲስፕላቲን ያለበት፣ መቅኔውን ይጫነዋል። የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ይጨመርበት።

እንግዲህ ሄሞግሎቢን 10.2 ከነዚህ ከየትኛው ነው የመጣው? ከአንዱም ሊሆን ይችላል፣ ከሁሉም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ደም ማነስ ከመጥፎ ውጤት ጋር አብሮ መገኘቱ ብዙ የማያስገርመው፤ የደማው ትልቅ ዕጢ ነው፣ ብግነት ያስነሳው ጠበኛ ዕጢ ነው፣ ኩላሊት የዘጋው ጠልቆ የገባ ዕጢ ነው። አጥኚዎቹ የካንሰሩን ደረጃ በስሌት ለማመጣጠን ይሞክራሉ፣ ግን የዕጢውን ጠበኝነት ሁሉ በቁጥር መያዝ አይቻልም።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ደም ይበላል

ይህ ማለት ግን ደም ማነሱ ምልክት ብቻ ነው፣ ራሱ አይጎዳም ማለት አይደለም። ፊኛ ማውጣት ከከባዶቹ የቀዶ ጥገና ዓይነቶች አንዱ ነው። ወንድ ላይ ፊኛውና ፕሮስቴቱ ይወጣሉ፣ ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማህፀኑም ይጨመራል፣ በዙሪያው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይለቀማሉ፣ ከዚያ ከትንሹ አንጀት ተቆርጦ ሽንቱ የሚወጣበት አዲስ መንገድ ይሠራል። ሰዓታት ይፈጃል። ኒው ዮርክ በሚገኘው መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 1,142 ሕሙማንን የተከታተለና በ2009 የታተመ ሥራ በ90 ቀን ውስጥ 64 ከመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። ያውም በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ማዕከሎች በአንዱ።

የሚፈሰው ደምም ቀላል አይደለም። በ2018 የታተመው ሬዘር የተባለው የአሜሪካ ሙከራ በሮቦትና በተለመደው ክፍት ቀዶ ጥገና መካከል ሲያወዳድር፣ በክፍቱ የፈሰሰው ደም በመካከለኛ ግምት 700 ሚሊ ሊትር ነበር፣ በሮቦቱ 300። ደም የተሰጣቸው በክፍቱ 45 ከመቶ፣ በሮቦቱ 24 ከመቶ ናቸው። ሄሞግሎቢኑ 14 ሆኖ የገባ ሰው 700 ሚሊ ሊትር ቢጎድልበት ይተርፈዋል። 10 ሆኖ የገባው ግን ልቡ ቀድሞውንም እየሮጠች ነው፤ በዚያ ላይ ብዙዎቹ በስልሳና ሰባ ዓመታቸው ያሉ፣ ለዓመታት ያጨሱ፣ የልባቸው ደም ሥር የጠበበ ሰዎች ናቸው።

«ደም ይሰጠዋላ!» እሺ፣ ይሰጠው። ሕይወት የሚያድን ነገር ስለሆነ በሚያስፈልግበት ሰዓት አማራጭ የለውም። ግን በዚህ በኩልም ደስ የማይል መረጃ አለ። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ከሁለት ሺህ በላይ ፊኛቸው የወጣላቸውን ሰዎች ተከታትሎ በ2013 ሲያሳትም፣ በኦፕራሲዮኑ ጊዜና በሰሞኑ ደም የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ካንሰሩ በብዛት እንደሚመለስባቸውና ቀድመው የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ነው ያገኘው። የሌላ ሰው ደም የሰውነትን መከላከያ ለጊዜው ሊያዳክም ይችላል የሚል መላ ምት አለ። እኔ ይሄንን በጥርጣሬ ነው የማየው። ደም የሚሰጠው ማነው? ብዙ የደማው፣ ቀድሞ ደም ያነሰው፣ ዕጢው ለመቁረጥ ያስቸገረው። ያው ቅድም ያነሳነው ችግር በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ።

ሲሞከር ምን ተገኘ?

ክርክሩን የሚፈታው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማየት ነው። ይህም ተደርጓል፣ ውጤቱ ግን ብዙ ሰው የጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ፕሪቬንት የተባለው የእንግሊዞች ሙከራ በ2020 ወጣ። ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን የሚጠብቁና ደም ያነሳቸው 487 ሰዎች ከ10 እስከ 42 ቀን ቀደም ብሎ ገሚሶቹ 1,000 ሚሊ ግራም አይረን በደም ሥራቸው ወሰዱ፣ ገሚሶቹ ባዶ ፈሳሽ። ደም የተሰጣቸው ወይም የሞቱት ሲቆጠሩ አይረን በወሰዱት 29 ከመቶ፣ ባልወሰዱት 28 ከመቶ። አንድ ናቸው። ሄሞግሎቢን ግን ከፍ ብሎ ነበር! ቁጥሯ ተሻለች፣ ሰውየው ያገኘው ነገር ግን አልታየም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ባሉት ሳምንታት በችግር ተመልሰው የሚተኙት አይረን በወሰዱት በኩል አነስ ብለው መገኘታቸው ነው አንዷ ማጽናኛ።

ከዚህ ተነስቶ «አይረን አይጠቅምም» ማለት ግን መቸኮል ይመስለኛል። ሰዎቹ ወደ ሙከራው የገቡት ደም ስላነሳቸው እንጂ አይረን ማጣታቸው ተረጋግጦ አይደለም። ቁልፉ የጠፋበትም፣ መጋዘኑ ባዶ የሆነውም አንድ ላይ ነው የታከሙት። ደግሞ አሥር ቀን ቀድሞ የገባ አይረን ቀይ የደም ሕዋስ ሆኖ እስኪወጣ ጊዜ ያንሰዋል።

ደሙ በኦፕራሲዮኑ ላይ እንዳይፈስ ማድረግስ? ካናዳ ውስጥ ፊኛ በሚወጣላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ትራኔክሳሚክ አሲድ ተሞክሮ በ2024 ውጤቱ ታተመ። በሌሎች ኦፕራሲዮኖች የደም መፍሰስን በመቀነስ የተመሰገነ መድኃኒት ነው። እዚህ ግን ደም የተሰጣቸው በሁለቱም ወገን 37 ከመቶ ገደማ ሆነው ቀሩ።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስደነግጣል። ካንሰሩ ሌላ ነው፣ የጭንቅላትና የአንገት፤ ሕክምናው ጨረር ነው፤ ሙከራው የተደረገው በጀርመኖች መሪነት ሆኖ የታተመው በ2003 ነው። 351 ደም ያነሳቸው ሕሙማን ላይ ኤሪትሮፖይቲን ተሞከረ። ሄሞግሎቢናቸው በደንብ ወጣ። ካንሰሩ ግን ባዶ መርፌ ከወሰዱት ይልቅ መርፌውን በወሰዱት ላይ ባሰ። ከዚያና ከሌሎች መሰል ሙከራዎች በኋላ በ2007 የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እነዚህ መርፌዎች ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስለጠፈ። ቁጥሯን እንደምንም ወደ ላይ መግፋት ከመዳን ጋር አንድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስለዚህ ትርጉም ያለው ጥያቄ «ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው?» ሳይሆን «ለምን ወረደ?» ነው። ይሄ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ምሽት ማደንዘዣ ሰጪው ፋይሉን ሲገልጥ ሳይሆን፣ ዕጢው በሲስቶስኮፒ (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ካሜራ) በታየበት ሳምንት ነው። ያኔ ጊዜ አለ። ዕጢው ተፍቆ ይወጣል፣ ፓቶሎጂው ይጠበቃል፣ ጡንቻ ውስጥ ከገባ ኬሞው ይጀመራል፤ ኬሞው ብቻውን ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ያንን ጊዜ መጠቀም ነው። ደም ለመሙላት ተብሎ ግን ኦፕራሲዮኑን ማዘግየት ሌላ ስህተት ነው፤ ጡንቻ ውስጥ የገባ ካንሰር ሳይታከም ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ውጤቱ እንደሚበላሽ ይታወቃል።

ምርመራዎቹ እንግዳ አይደሉም። የተከማቸውን አይረን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ በደም ውስጥ የሚጓዘውን አይረን የሚያሳየው ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን፣ ቫይታሚን ቢ12። ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ አይረን አልቋል፣ ክርክር የለውም። ካንሰርና ብግነት ባለበት ሰው ግን ፌሪቲን ያለ ልኩ ከፍ ይላል፤ 80 ቢሆን እንኳ ሳቹሬሽኑ ከ20 ከመቶ በታች ከሆነ አይረን ጎድሎት ሊሆን ይችላል። «ፌሪቲኑ ኖርማል ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይሄ ሰው ነው። ጊዜ ካለና አንጀቱ ከተቀበለ ኪኒኑ ይበቃል፤ ቀን በቀን ከመዋጥ ይልቅ በየሁለት ቀኑ መውሰድ የተሻለ እንደሚመጠጥ አይረናቸው በጎደለ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ኦፕራሲዮኑ ከቀረበ ወይም ብግነቱ ካየለ በደም ሥር የሚሰጠው ይመረጣል።

ወደ እኛው ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ቁጥር ስናነብ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከፍታው! የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ 13፣ ለሴት 12 የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ መለኪያው በአንድ ግራም ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ የላብራቶሪው ወረቀት «ኖርማል» ያለው የ13.2 ሰውዬ ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ የእኛው የደጋ ሰው ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ለክተው በ2002 ሲያሳትሙ፣ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ በአንዲስ ተራራ እንደሚኖሩት ሰዎች አልተመነጠቀም። ስለዚህ የከፍታውን ማስተካከያ እንዳለ መጫንም ያጠራጥራል። የሚሻለው የሰውየውን የቆየ ውጤት ፈልጎ ማነጻጸር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 15.5 የነበረ ሰው ዛሬ 13.2 ከሆነ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። የድሮ የላብራቶሪ ወረቀት አይጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው የኛ ልማድ ደም ማነስን በጓዳ መጨረስ ነው። ቀይ ሥር ይቀቀላል፣ ተልባ ይበጠበጣል፣ ጉበት ይጠበሳል። ጉበቱ እንኳን ጥሩ የአይረን ምንጭ ነው። ቀይ ሥር ግን ቀለሙ ነው ያሳመነን፤ ያለው አይረን ጥቂት ነው፣ እንዲያውም ሽንት ስለሚያቀላ ይህን በሽታ ለሚከታተል ሰው ግራ ያጋባል። ጤፍም አይረኑ ብዙ ነው ይባላል፤ በቤተ ሙከራ ከሚለካው ውስጥ ቀላል የማይባለው ግን አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። ኪኒኑን ደግሞ በሻይ ወይም ከቡና ጋር መዋጥ ግማሹን እንደ መጣል ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ኪኒኑ ያለ ጥያቄ ሲሰጥ ነው። የምትወልድና የወር አበባ የምታይ ሴት ደም ቢያንሳት ምክንያቱ ቅርብ ነው። የ60 ዓመት አባት ወይም የወር አበባዋ ካቆመ የቆየ እናት አይረን ሲጎድላቸው ግን የሆነ ቦታ ደም እየወጣ ነው ብሎ መነሳት ይገባል፤ ጨጓራ ይታያል፣ አንጀት ይታያል፣ ሽንት በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሦስት ወር አይረን ተሰጥቷቸው «ተሻለኝ» ካሉ፣ ሄሞግሎቢኑ ተሻለ፣ ዕጢው ግን ሦስት ወር አደገ።

ደም ማግኘቱም ቢሆን እዚህ አገር ቀላል አይደለም። የደም ባንኩ በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚቆመው፣ ለከባድ ኦፕራሲዮን ሲቀጠር ዘመድ ተጠርቶ «ደም ስጡ» መባሉም የለመድነው ነው። ሁለት ሦስት ከረጢት ደም ለማግኘት ቤተሰብ ሲሯሯጥ ካየን፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የተሰጠ አይረን አንዱን ከረጢት እንኳ ቢያስቀር ጥቅሙ ሌላ አገር ከሚታየው ይበልጣል። ደም ለመስጠት መነሻ የሚሆነው የሄሞግሎቢን ደረጃም ድሮ እንደሚባለው 10 አይደለም፤ ልቡ ደህና ለሆነና ለተረጋጋ ሕመምተኛ ብዙ መመሪያዎች ደም የሚሰጡት ከ7 ሲወርድ ነው።

ኦፕራሲዮኑ አልቆ፣ ፓቶሎጂው ንጹሕ ሆኖ፣ ሰውየው ሽንት የሚጠራቀምበትን ከረጢት ወይም ከአንጀቱ የተሠራለትን አዲስ ፊኛ ለምዶ ሲኖርም ጉዳዩ አያበቃም። ለሽንት መንገድ የተቆረጠው የትንሹ አንጀት የታችኛው ክፍል ቢ12 ከሚመጠጥበት ቦታ ጋር ይጎራበታል። ሐኪሞች የመጨረሻውን ጫፍ ይተዉለታል፤ አዲስ ፊኛ የተሠራለት ሰው ግን የሚቆረጥለት አንጀት ረጅም ስለሆነ ቢ12 ሊጎድለው ይችላል። ጉበት ውስጥ ያለው ክምችት ለጥቂት ዓመታት ስለሚያኖር በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ምንም አይታይም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት እግር መደንዘዝና ድካም ሲመጣ ሁሉም ሰው ካንሰሩ የተመለሰ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን በየወሩ በሚወሰድ መርፌ የሚስተካከል የቢ12 ማነስ ሊሆን ይችላል።